በጓሮ በር ያለፈው ገመድ

«በግድግዳው አያልፍም ብያለሁ» አሉ አባቴ፤ ይህን ሲሉ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። «አንድ ቃል ስንት ጊዜ ነው የሚነገራችሁ?»

«የጣት ያህል ቀዳዳ ናት እኮ አባባ» አለች እህቴ። ፌሮውን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ጫፉ ግድግዳውን ሊነካ ስንዝር አይሞላም። «ሲያልቅ እኔ ራሴ በጭቃ እመርጋታለሁ።»

«ይህን ግድግዳ የለቀለቀችው እናትሽ ናት፤ በእጇ። ሙት ዓመቷ ሳይደርስ በብረት ልትወጊው ነው?»

«ቤቱን ሁሉ እሷ ናት የለቀለቀችው። ታዲያ በየት በኩል እናሳልፈው?»

«አታሳልፉት።»

እኔ ወንበር ላይ ቆሜ፣ ሰማያዊውን የኔትወርክ ገመድ ክንዴ ላይ ጠምጥሜ እሰማቸው ነበር። ገመዱን ያመጣሁት ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እየተየብኩ የምውለው እዚያ ነው። ሐሳቡም የኔ ነበር። «አባባ፣ ብሺው ያልኳት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቃል ስለቅም እውላለሁ፤ ቃል በሚፈለግበት ሰዓት ግን አንድም አይገኝብኝም። 

በመጨረሻ እህቴ ፌሮውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ጓሮ በር ሄደች። በሩን ከፈተች፣ መቃኑን በጣቷ ዳሰሰች።

«በዚህ ይለፍ። በሩን ማንም አልለቀለቀውም።»

አባቴ ከበሩ ፈቀቅ አሉላት። ገመዱ ከሳሎኑ ራውተር ተነሥቶ፣ በግድግዳው ሥር ዞሮ፣ በጓሮ በር መቃን በኩል ወደ እህቴ ክፍል ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ አልገጥም አለ። በቀረችው ክፍተት የኅዳር ብርድ ይገባል። አባቴ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ደርበው ክፍተቷን ያያሉ።

ሦስት ነን በቤቱ ውስጥ። እናቴ በግንቦት ሞተች። እህቴ ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የመጣችው፣ እናቴ በተቀበረች በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በር ላይ ይጠብቋት ነበር። ከባጃጅ ስትወርድ ጮኻ መሬት ላይ ትወድቃለች ብለው ሊይዟት ተዘጋጅተዋል። እሷ ሻንጣዋን ራሷ አውርዳ፣ በመካከላቸው አልፋ ገባች፤ እናቴ ትተኛበት የነበረው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፍራሹን በመዳፏ ታለሰልስ ጀመር። የሚይዙት አጥተው እጃቸውን ሰበሰቡ። በማግስቱ «አላለቀሰችም» የሚለው ቃል ቧንቧ ወረፋ ላይ ደርሶ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ከዚያ አልተነሣም።

የምትኖረው ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነበር። በሷና በትልቁ ቤት መካከል ድንችና ገብስ የምናስቀምጥበት፣ ዙሪያው በቆርቆሮ የተመታ ጎተራ አለ። የሳሎኑ ዋይፋይ እዚያ ቆርቆሮ ላይ ሲደርስ ይሞታል። ስለዚህ እህቴ በየቀኑ ሥራዋን ስትጨርስ በሳሎኑ መስኮት ሥር፣ ጣራው ጥላ በሚጥልባት ድንጋይ ላይ ትቀመጥና ኤርፎኗን ትሰካለች። እኛ ግቢ ቧንቧ ውኃ ለመቅዳት የማይገባ ሰው የለም። በኛ አገር ሐዘን የተቀመጠ ቤት እስከ ሙት ዓመት ሬዲዮ አይከፍትም፤ ቴሌቪዥናችን ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ነው የከረመው። ሰዎቹ ጀሪካናቸውን ሞልተው ይወጣሉ፤ የሚያወሩትን ግን ገና ከግቢው ሳይወጡ ይጀምሩታል።

አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ፣ ለምን ለትንሽ ጊዜ እንኳ እንደማትተወው ጠየቅኋት። ኤርፎኑን ከአንድ ጆሮዋ ብቻ አወለቀች።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ልብስ ስተኩስ፣ ሽንት ቤት ሳጥብ፣ ጆሮዬ ላይ ዘፈን ነበር» አለችኝ። «ሳወልቀው መዳም ትጠራኛለች። እዚያ እያለሁ ትጠራኝ ነበር፤ እሺ። እዚህም ስትጠራኝ ምን ላድርጋት?»

ደላላው በየሳምንቱ ይደውልላታል። ቪዛው እንዳለ ነው፣ ያው ቤት ይፈልጉሻል ይላታል። የምትመልስለት አንድ ነው፤ እስከ እናቴ ሙት ዓመት ልየው፣ ከቻልኩ እቀራለሁ። እኔ ይህችን «ከቻልኩ» ይዤ ቀረሁ። ዘፈኑ ክፍሏ ድረስ ከገባላት፣ ሰው ሳያያት በሯን ዘግታ ከሰማች፣ ትችላለች አልኩ። አባቴም ገመዱን የፈቀዱት ለዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ። አልነገሩኝም፤ ግን ከመስኮቱ ሥር ተነሥታ ወደ ክፍሏ እንድትገባ ከማንም በላይ የሚፈልጉት እሳቸው ነበሩ።

ገመዱ ክፍሏ ሲደርስ የሚሰካበት ሁለተኛው ራውተር የወጣው ከሷው ሻንጣ ነው። መዳም አዲስ ስታስገባ የጣለችውን አንሥታ፣ በፎጣ ጠቅልላ አምጥታዋለች። ሶኬት ላይ ስንሰካው ስልኬ ላይ በዐረብኛ የተጻፈ ስም ብቅ አለ። እህቴ አየችውና ፊቷ ተለወጠ። የአሠሪዎቿ ቤተሰብ ስም ነበር። እኛ ጓሮ፣ ድንች ጎተራ አጠገብ፣ የጎረቤት ስልክ ሁሉ ሊያነበው በሚችልበት፣ የነሱ ቤት ስም ተንሳፍፎ።

«ይጥፋ» አለች።

ከኋላው ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ መርፌ አስገብተው ከያዙት የነበረውን ሁሉ ይረሳል። መርፌውን እኔ ላስገባ ስል ነጠቀችኝ። መብራቶቹ ጠፍተው እንደገና በሩ፤ «በቃ፣ ጠፍቷል» አልኳት። አልለቀቀችውም። ጣቷ እስኪነጣ ድረስ ያዘችው።

ገመዱ ከተዘረጋ በኋላም ነገሩ እሺ አላለንም። ስልኩ ተገናኝቷል ይላል፤ ግን ምንም አይመጣም። በምሳ ሰዓቴ ሁሉ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ቪዲዮ እያየሁ ቆየሁ። በኋላ ገባኝ። ራውተር ለሚገባው ስልክ ሁሉ ቁጥር ይሰጣል፤ የኛዎቹ ደግሞ ሁለቱም እየሰጡ እርስ በርስ ይጣሉ ነበር። ሁለቱም የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ ይላሉ አልኳት።

«ያኛው የቤቱ ነው፤ ይሄኛው ከስደት የመጣ ነው» አለች እየሳቀች። «ዝም ብሎ እንዲታዘዝ ንገረዋ። ለምዷል።»

ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

አሁን ስለ ስፒከሩ መናገር አለብኝ። ለእናቴ ያመጣችላት ስጦታ ነበር፤ በዋይፋይ የሚሠራ፣ ትንሽ እንስራ የሚመስል ጥቁር ስፒከር። እናቴ ስላልደረሰችበት ሳሎን ውስጥ ፎቶዋ አጠገብ ተቀመጠ። አባቴ መጀመሪያ አያዩትም አይነኩትም ነበር፤ እያደር ግን ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያም እንድትከፍትላቸው ለመዱ። እህቴ ከስልኳ ትከፍታለች፣ እሳቸው ቆመው ይሰማሉ። የምትከፍተው ዘፈኖቿን በምትሰማበት በዚያው አካውንት ነው፤ ለሙከራ ብላ የኔም ስልክ ላይ አስገብታልኛለች። ስፒከሩ ለዚያ አካውንት የሚታዘዝ ነው፤ የከፈተው የማን ስልክ እንደሆነ አይጠይቅም። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ አላሰብኩትም።

በታኅሣሥ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ከጉና ወረዱ። መንገድ ተዘግቶ ስለከረመ የእናቴን ሞት የሰሙት ዘግይተው ነው። ሁለት ሰዎች አስከትለዋል፤ በቅሎዋ ገብስ ተጭናለች። ለቅሶ ደራሽ ሰባት ወር ቢዘገይም ቤቱ እንደ ቀብሩ ቀን ሆኖ ነው የሚቀበለው። አጎቴ ገና በሩ ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ጩኸታቸውን ለቀቁት። ጎረቤት ሰምቶ ገባ። አባቴ ያ ሁሉ ወር ያደረቀው ፊታቸው እንደገና ረጠበ። እህቴ የእግር ውኃ አቀረበች፤ ሽሮውን ልታይ ትገባለች፣ ትወጣለች። ሴቶቹ ዛሬስ ታለቅስ እንደሆነ በዓይናቸው ይከተሏታል።

እኔ አጎቴን ትከሻቸውን ሳምኩ፣ አለቀስኩ፣ ከዚያም ሹልክ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ልቅሶ ሲበዛ መውጣት ልማዴ ነው። ያን ቀን ደግሞ ሰበብ ነበረኝ፤ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ሆኜ መጨረሻውን መላ አግኝቼ ነበር። እህቴ ክፍል ገባሁ። ሁለተኛው ራውተር ቁጥር መስጠቱን እንዲተው አደረግሁት፤ ከሳሎኑ የመጣለትን ብቻ እንዲያሳልፍ። ሦስቱም የዋይፋዩ ቅስቶች ስልኬ ላይ ሞሉ።

የእህቴን ዘፈኖች ከፈትኩ። ከዚያ በፊት ምን እንደምትሰማ አይቼ አላውቅም፤ ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች የሠርግ ዘፈን ነበር። የኛው አገር፣ በማሲንቆና በከበሮ። የመጀመሪያውን ነካሁት። ሰከንዱ መቁጠር ጀመረ፤ ድምፅ ግን የለም። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ይሄም አልሆነም አልኩ። ድምፁን ጨመርኩ። አሁንም ዝም። ጣቴን ሳላነሣ እስከ መጨረሻው ገፋሁት።

ከሩቅ እልልታ ሰማሁ። ከበሮ ተከተለው፣ ጭብጨባም። መጀመሪያ ያሰብኩትን አስታውሳለሁ፤ በጾመ ነቢያት ማን ነው የሚያገባው አልኩ። ቀጥሎ የአጎቴ ልቅሶ መሃሉ ላይ ቆረጥ ሲል ሰማሁ። ያኔ ገባኝ።

ሮጬ ጓሮ በር ላይ ደረስኩ። በሩ በገመዱ ምክንያት እንደ ሁልጊዜው አልገጠመም፤ በክፍተቱ ሁሉም ይታየኛል። አጎቴ ደረታቸውን ሊመቱ ያነሡት እጅ እዚያው አየር ላይ ቀርቷል። እህቴ የስፒከሩን ገመድ ከሶኬት ነቀለች። ከዚያ ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ አየች። ያየችውን እኔም አውቀዋለሁ፤ የዘፈኑ ስም፣ ከሥሩም የሚያዘው ስልክ ስም፣ የኔ ስልክ ስም። ቀና ስትል በበሩ ክፍተት ተያየን። ስልኩ እጄ ላይ ነበር።

ጠበቀችኝ። ብዙ አይደለም፤ አንድ ሰው እኔ ነኝ ለማለት የሚበቃውን ያህል።

«ከኔ ስልክ ነው» አለች ወደ ሰዎቹ ዞራ። «ሳላውቅ ነክቼው ነው።»

አጎቴ እሷን አላዩዋትም። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ለአባቴ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር።

«ወንድሜ፣ እኛ ለልቅሶ ብለን ነበር የመጣነው። ሠርግ መሆኑን ብትነግረን ሌላ ልብስ እንለብስ ነበር።»

እህል አልቀመሱም። ገብሱን ሳያራግፉ በቅሎዋን ይዘው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋይፋዩ ጓሮ ድረስ ያለ እንከን ይሠራል። እህቴ ክፍሏ ውስጥ፣ በሯን ዘግታ፣ ኤርፎኗን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትቀመጣለች። ለምን እንደማትሰማ ጠየቅኋት።

«እልልታው ሲጀምር የአጎቴ እጅ ይታየኛል» አለች። «አሁን ዘፈኑም የለም። መዳም ብቻ ናት ያለችው።»

ለአባቴ ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አንዴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ተከተልኳቸው፤ ስለ ብርዱ አውርቼ ተመለስኩ። አንዴ ጎረቤት ገባብን። አንዴ ደግሞ ምንም ምክንያት አልነበረኝም። ወረቀት ላይ ለመጻፍም ተቀምጬ ነበር። የወጣልኝ ግጥም ነው፤ ስለ አንድ በር፣ ደኅና ግጥም። ቀደድኩት።

በሳምንቱ እሑድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ አባቴ ሁለታችንንም ሳሎን ጠሩን። ለዕርቅ የላኳቸው ሽማግሌዎች ጉና ደርሰው ተመልሰው ነበር። የአጎቴ ቃል አንድ ነው፤ እህቴ ድንጋይ ተሸክማ ደጃቸው ትቁም፣ አውርጂ እስኪሏት ትጠብቅ። ያ ካልሆነ ለሙት ዓመቱ አይመጡም። የቤቱ ታላቅ ያልተገኘበት ሙት ዓመት ደግሞ አባቴ ሊያስቡት የሚችሉት ነገር አልነበረም። ይህን ሲነግሯት አልተቆጡም። ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

«እሸከማለሁ አባባ» አለች እህቴ። «ድንጋይ አይከብደኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እናቴ ሞታ እኔ አላዘንኩም ብለው ያምናሉ?»

አባቴ የእናቴን ፎቶ አዩ። 

«ሰው ያየውን ነው የሚያምነው» አሉ። «ስትመጪ አላለቀስሽም።»

ያኔ አፌ ተከፈተ። እኔ ነኝ አባባ አልኩ። ከጓሮ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ዋይፋዩን ስሞክር፣ አካውንቱ አንድ ስለሆነ፣ ስፒከሩ ጠዋት በውዳሴ ማርያም እንደተያዘ ስለቀረ፣ ድምፁን የጨመርኩት ስላልሰማሁ ነው። ቃሉ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ወጣ። እየተናገርኩ ለራሴም ውሸት መሰለኝ። አባቴ አላቋረጡኝም፤ ሲያዳምጡኝ ዓይናቸው ላይ የነበረው ግን ርኅራኄ ነው።

«እህትህን መውደድህ ደግ ነው» አሉኝ። «ግን ሰው ሁሉ እዚህ ተቀምጦ እያየ እኔ ነኝ ያለችው እሷ ናት። አንተ ጓሮ ነበርክ። ጓሮ ያለ ሰው እዚህ ያለውን ዕቃ እንዴት አድርጎ ያስጮኸዋል?»

ላሳያቸው እችል ነበር። ስፒከሩን ሶኬት ላይ ሰክቼ፣ ጓሮ ወጥቼ፣ ያችኑ ዘፈን ብነካት ያምኑኛል። ስልኩን ከኪሴ አወጣሁ። እልልታው በእናቴ ፎቶ ሥር፣ በአባቴ ፊት፣ ሁለተኛ ጊዜ። ጣቴ አልታዘዘኝም። ወደ እህቴ ዞርኩ፤ ራሷን ነቀነቀች።

«ተወው» አለችኝ። «ያን ቀን ጠብቄህ ነበር። አሁን ለማን ብለህ ነው?»

አባቴ ምን እንደምትል አልገባቸውም፤ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። እሷ ሻንጣዋን ጠዋት እንዳዘጋጀችና ለደላላው እሺ እንዳለችው ነገረቻቸው። በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር የሚሄደው የስድስት ሰዓቱ ሚኒባስ ላይ ቦታ ይዞላታል። ድንጋዩን ግን ሳትሸከም እንደማትቀር፣ ስትመለስ መጀመሪያ ጉና እንደምትወጣ አከለች። ስትመለስ ያለችው ለሳቸው ነው። እኔ እንዳልሰማ ሆንኩ።

«እስከ ሙት ዓመቱ ብለሽ ነበር» አሉ አባቴ።

«ከቻልኩ ብዬ ነበር አባባ።»

ጉልበታቸውን ሳመች። እጃቸው ራሷ ላይ ለማረፍ ተነሣና መሃል ላይ ቆሞ ቀረ፤ ስትቆም ተመልሶ ጋቢው ውስጥ ገባ። ሳሎኑ ራውተር ጋ ሄዳ ሰማያዊውን ገመድ ነቀለች። በግድግዳው ሥር እየተከተለች ሰበሰበችው፣ ከበሩ መቃን ሳበችው፣ በክርኗና በመዳፏ መካከል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ እያዞረች ጠመጠመችው። ጊዜ ወሰደባት።  ጠምጥማ ስትጨርስ ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

«ፎቶ ኮፒ ቤት መልሰው» አለችኝ።

በጓሮ በር ወጣች፤ ሻንጣዋ ያለው እዚያ ነው። በሩን ከኋላዋ ሳበችው። ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይዘው ገጥሞ ተዘጋ።